መላኩ እናት ያገኘባት ቀን

ፊልም ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፣ ዓይኔም ብርሃን ሲበዛበት ውኃ ይቋጥራል። ባለፈው እሑድ ግን የወንድሜ የመላኩ ልጅ ሕይወት መጣችና «አክስቴ፣ ያለ እርስዎማ አይጀመርም» ብላ፣ አባቷን በአንድ እጇ እኔን በሌላው ይዛ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ጎለተችን። መካነ ሰላም ፊልም ቤት የላትም። ግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጥረው፣ መብራት ቢጠፋ ብለው ጄኔሬተር ደጅ አቁመው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነው ነው በጠራራ ፀሐይ ጨለማ የፈጠሩልን። ልጅቷ አዲስ አበባ ተምራ የሠራችው የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። ታሪኩ የእኛ ዘመን ነው፤ በአንዲት ትንሽ ከተማ ትምህርት ጨርሰው ወደ ጦርነት የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁ ጎረምሶች። «መጀመሪያ አገሬ ላይ ካላሳየሁት ሌላ ቦታ አላሳየውም» ብላ ነው ይዛው የመጣችው። መንገድ እስኪከፈትላት ደሴ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጣ እንደጠበቀች እሷ ናት የምታውቀው። ዛሬም መንገድ መጠበቅ አልቀረልንም።

ክረምቱን ሙሉ ቤቴ እየተመላለሰች ስትጠይቀኝ ነበር። ያን ጊዜ ሻይ ስንት ነበር? ምን ዓይነት ጫማ ታደርጉ ነበር? ምን ትዘፍኑ ነበር? እኔም የማስታውሰውን ነገርኳት። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ጣፋጭ የወደደ አሥራ አምስት። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናመጣው ስለሆነ እናቴ ማንኪያዋን ለማንም አታስነካም ነበር። ቆሎ በስኒ ተሰፍሮ አምስት ሳንቲም። ጫማችን ኮንጎ የምንላት ፕላስቲክ ናት፤ ፀሐይ ሲወጣ እግር ትቀቅላለች፣ ብርድ ሲመጣ ትሰነጠቃለች። ሸራ ጫማ ያለው ልጅ ደግሞ ማታ አጥቦ ጠዋት በጠመኔ ያነጣታል፤ ሲራመድ ከኋላው አቧራው ይነሳል። ሱሪ ካኪ ነው። ፊቱ ሲነጣ ተፈትቶ ይገለበጥና ውስጡ ደጅ ሆኖ ይሰፋል፣ ሰውየውም አዲስ ሱሪ ገዛሁ ብሎ ገበያ ይወጣል። እኛ ሴቶቹ ቅቤ ተቀብተን ክፍል የገባን ለት መምህሩ ምንም ሳይናገሩ ሄደው መስኮት ይከፍታሉ። ሕይወት ይህን ሁሉ በስልኳ ቀዳች። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ፊልሙ ተጀመረ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን የልጆቹ ጥርስ! የማን አገር ጎረምሳ ነው እንዲያ ያለ ጥርስ የነበረው? ልብሳቸው ንጹሕ፣ መንገዱም የተጠረገ። መላኩ አጠገቤ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ፣ አገጩን እጁ ላይ አስደግፎ ያያል። «ሱሪያቸው እንዴት አልተገለበጠም?» ብዬ ሹክ ስለው ፈገግ አለ። እሱ ድሮም ወሬ አያበዛም።

ወንድሜ እላለሁ እንጂ መላኩና እኔ ከአንድ ማኅፀን አልወጣንም። እሱ ከከላላ ገጠር ነው። በዚያ በረሃቡ ክፉ ቀን እናትም አባትም አጥቶ፣ ከዘመድ ዘመድ ሲንከራተት ከርሞ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሊማር በእግሩ መካነ ሰላም መጣ። እናቴ አስናቁ የሙት ሚስት ነበረች፤ አንዲት ሻይ ቤት ነበረቻት። ሻይ ቤት ማለቴ ለወጉ ነው፤ ሁለት አግዳሚ፣ አንድ የጠቆረ ጀበና የመሰለ ትልቅ ማንቆርቆሪያ፣ ግድግዳው ላይ ማንም የማያነበው የቀበሌ መፈክር። መላኩ ከቧንቧ ውኃ ሊቀዳላት፣ እሷም ከጓሮ ባለችው ክፍል ልታሳድረው ተስማሙ። ውኃውን ቀድቶ፣ እንጨቱን ፈልጦ፣ መጽሐፉን ይዞ ምድጃው ጥግ ይቀመጣል። እናቴ «ይህ ልጅ ተናግሮ ያውቃል?» እያለች ትስቅበት ነበር። ለኔ ግን ይናገር ነበር።

ከሻይ ቤታችን ማዶ የአባ ይመር ልብስ ስፌት በረንዳ ነበር። አባ ይመር የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ክርስቲያኑም እስላሙም እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። ልጃቸው ሰይድ የኛ ክፍል ተማሪ፣ የመላኩ የልብ ጓደኛ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ የስፌት መኪናዋን በእግሩ እየመታ፣ ከቴፑ ጋር ይዘፍናል። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ ይወፍርና የታመመ ሽማግሌ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ድንጋዮቹን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን። ዛሬ ስልኩን ሙዚቃ የሞላው ልጅ ይህን ስነግረው አያምነኝም። እኛ ግን አንድ ዘፈን ለመጨረስ ፀሐይ እስክትወጣ የጠበቅን ሰዎች ነን፤ ታዲያ ዘፈኑ ባይጣፍጠን ነው የሚገርመው።

የመጨረሻውን ክፍል እንደጨረሱ ወንዶቹ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዘገቡ፤ መኪና ሲመጣ ትሄዳላችሁ ተባሉ። መኪናው ግን አልመጣም። ዛሬ ነገ እየተባለ ሰነበተ። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ነፋሱም ተነሳ፤ እነሱ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ናቸው። ሥራ የሚቀጥራቸው የለም፣ «ነገ ለሚሄድ» እየተባለ። የሚቆጣቸውም የለም፣ «ነገ ለሚሄድ» እየተባለ። ከደሴ በኩል የኤንትሬ የጭነት መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጸጥ ይላሉ፤ ሳሙና የጫነ መኪና መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ፊልሙ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ዘፈን አለቀ። እውነተኛው መጠበቅ ግን ይደክማል። እናቶች ስንቅ አዘጋጅተው፣ ስንቁ ሻግቶባቸው፣ እንደገና ሲያዘጋጁ አይቻለሁ።

«ወላሂ መላኩ» ይለዋል ሰይድ፣ «አንተ እኮ ጦር ሜዳ ሂደህ ጠላት ቢመጣብህ፣ ውኃ ልቅዳልዎ ነው የምትለው።»

«አንተስ?» ይለዋል መላኩ።

«እኔማ ሱሪውን እለካዋለሁ!»

ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ፣ ቧንቧ ወረፋ ይዘን ሳለ፣ መላኩ ፊቱን ወደ እንስራዬ አድርጎ «ሽማግሌ ብልክ እናትሽ ምን ይሉኛል?» አለኝ። ልቤ ደንግጦ ነበር፤ አፌ ግን ደፋር ነው። «ልከህ እየዋ» አልኩት። ተሳሳቅን። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጨለመ። ማንን ይልካል? ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው ነው። ይህን ሰይድ ሲሰማ ከስፌት መኪናው ተነሳ። «አባቴ ምን ሊሠራ ነው የሚኖር? እሱ ይሄድልሃል። አባቴ ተናግሮ እትዬ አስናቁ እምቢ ይላሉ? አብሽር!» አለው። እስላም ለክርስቲያን ሽማግሌ መሄዱ በኛ አገር ብርቅ አይደለም። ቃል እንዲታሰር ብቻ ነበር የፈለግነው፤ ሰርጉ ሲመለስ ይደርሳል። ሰይድ ግን ነገ እነግረዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግረዋለሁ ሲል ቀናቱ አለፉ። መኪናው መቼ ይመጣል? ሁሉም ነገር ጊዜ ያለው ይመስል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ቁርጡ መጣ። የፊታችን የገበያ ቀን ትጫናላችሁ ተባለ። ሰይድም በማግሥቱ ጠዋት ለአባቱ ሊነግር ቆረጠ። እናቴ ደግሞ በበኩሏ ሌላ ነገር ስታስብ ነው የከረመችው። ጠዋት ሻይ ቤቱን ሳትከፍት ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ስትመለስ ሁለት የጎረቤት አዛውንትና አባ ይመር ተከትለዋት ገቡ። ቂጣ አቅርቢ አለችኝ። እኔ ሞኟ ሰይድ የነገራቸው መሰለኝ። ቂጣውን ይዤ ገባሁ። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ነበር።

እናቴ መላኩን ከጓሮ ጠራችውና መሐል አቆመችው። «እናንተ ምስክሮቼ» አለች፣ «ይህ ልጅ ከነገ ወዲያ ጥይት ውስጥ ይገባል። የሌላው እናት ስለቷን ተስላለች፣ ደጀ ሰላም ትለምናለች። ለዚህስ ማን ይለምንለታል? የማን ልጅ ነው ሲባል፣ የማንም ሊባል ነው? እናት የሌለው ልጅ ከቤቴ ወጥቶ አይዘምትም። የጡት ልጄ ላደርገው ነው።» ማር በሳህን አቀረበች፣ አውራ ጣቷን አጠቀሰች። በአገራችን ሥርዓት ልጅ የሚያደርጉት እንዲህ ነው፤ ማሩን ከጣቷ የጠባ ከጡቷ እንደጠባ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው። የልጆቿም ወንድም ነው።

መላኩ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ እኔ ላይ መጣ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም፤ እኔ እሱ ላይ ያየሁትን ግን ዛሬም አያለሁ። ማሩ ከእናቴ ጣት እየተዝለገለገ ወለሉ ላይ ጠብ አለ። አዛውንቶቹ የሞተችው እናቱ ትዝ ብላው ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። እናቴም እንደዚያው መስሏት፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ «ምነው ልጄ፣ እኔ አልበቃህም?» አለችው።

እስቲ ይህን የተባለ ሰው ምን ይመልሳል? እናት የሌለው ልጅ፣ ወደ ጦርነት ሊሄድ፣ እናት ልሁንህ ብላ እጇን የዘረጋችለትን ሴት አይሆንም ይላታል? ተንበረከከና ጠባ። አባ ይመር እጃቸውን አንስተው «እንግዲህ እናትህ አስናቁ ናት፣ እህትህ የሺ ናት። በእህትህ የመጣ በዓይንህ የመጣ ነው። ይህን ኪዳን ያፈረሰ የዘራው አይብቀል። ሂደህ ተመለስ፤ አላህ ለናትህ ዓይንህን ያሳያት» ብለው መረቁት። ቀና ስል ሰይድ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለከልካል። ቤታቸው ሄዶ አባቱን ሲያጣቸው ነው ሮጦ የመጣው። ሳህኑን አየ፣ መላኩን አየ፣ እኔን አየ። ዞሮ ሄደ።

ሰዎች ለምን አልተናገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? የዚያን ጊዜ ልጃገረድ በሽማግሌ መሐል «ይሄን ልጅ ለኔ ተዉልኝ» አትልም። ብትልስ፣ እናቱን ልትነጥቀው ነው። እኔ ዝም ያልኩት ለሱ ነው፤ እሱም ዝም ያለው ለሷ ነው። እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም። አንድም ክፉ ሰው በሌለበት ቤት ዕድሜዬ ተወሰነ። ክፉ ሰው ቢኖር እኮ ይሻል ነበር፤ የምጠላው አገኝ ነበር።

የገበያው ቀን መኪናው መጣ። ፊልሙ ላይ ይህ ሲሆን ዝናብ ይዘንባል፣ አንደኛውን ጎረምሳ የምትወድ ልጅም በዝናቡ ውስጥ ትሮጣለች። ሕይወት ልጄ፣ በዚያ ወቅት በኛ አገር ዝናብ የለም። አቧራ ነው። አቧራ፣ የበቅሎ ሽንት ሽታ፣ የእናቶች ጩኸት። እናቴ ሰውን ሁሉ እየገፋች «ልጄ! የልጁ እናት ነኝ፣ አሳልፉኝ!» ትላለች፤ ሰውም ያሳልፋታል። እኔም ተከትያት ደረስኩ። እህቱ ነኝና አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። እህቱ ባልሆን ኖሮ ከሩቅ ቆሜ በነጠላዬ አፌን ይዤ ከማየት ሌላ ምንም አይፈቀድልኝም ነበር። በዕድሜዬ መላኩን ያቀፍኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ካኪው ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ሰይድ ከላይ ሆኖ «በቃ አትጭመቁት፣ ሱሪው ይተረተራል!» ሲል ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነው፣ ለማውራትም ያደክማል። ዓመታት ሄዱ። እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ያልተሳለችበት ደብር የለም፣ የሰኞና የረቡዕ የሻይ ቤቱን ዳቦ ለነዳያን ትሰጣለች፣ አባ ይመርም ዱዓ በተደረገ ቁጥር ስሙን ከሰይድ ስም ጋር ያስጠራሉ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ሁሉ በባዶ እግሩ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ በየመንገዱ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ እያነከሰ ሻይ ቤቱ ደጅ መጥቶ ቆመ። ፂሙን አይቼ አላወቅኩትም፤ ዝምታውን ነው ያወቅኩት። «እናቴ አለች?» አለኝ። እናቴ ከውስጥ ስትወጣ ያሰማችው እልልታ አባ ይመርን ከማዶ አስነስቶ አመጣቸው። እሳቸውም መላኩን አገላብጠው ሳሙትና ከኋላው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ መንገዱን አዩ። ማንም አልነበረም። መላኩ እግራቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ከዚያ በረንዳ ዘፈን አልተሰማም።

እኔ ጥቂት ቀን ጠበቅኩ። አሁን አንድ ነገር ይለኛል እያልኩ። የመጀመሪያው እሑድ እናቴን በክንዱ ደግፎ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት። በመንገድ ያገኘን ሁሉ «እንኳን ልጅሽን ማረልሽ» ይላታል፤ እሷም «ጥይቱን በጸሎት አባረርኩት» ትላለች፤ መላኩም ራሱን ይነቀንቃል። ያምን ነበር። ከሷ ነፍሱን የተበደረ ያህል ነበር የሚያያት። ያን ለት ገባኝና ተውኩት። እሱ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፣ ከደጎሎ ደግ ሴት አገባ፤ እህቱ ነኝና ሙሽራዋን በር ላይ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ አገባሁ፤ ጥሩ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው፣ አላስከፋኝም። የመላኩ ሚስትም ባለፉት ዓመታት አረፈች። ልጃቸው ሕይወት እኔ ቤትና እነሱ ቤት እየተመላለሰች አደገች። ስለዚህ ጉዳይ እኔና መላኩ አንድም ቀን፣ አንዲትም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

እናቴ እስክትሞት በዚያ ሥራዋ ትኮራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህን ሳልወልድ ነው ከሞት የወለድኩት» ትላለች። እኔ ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ። ሰው እናቱን እንዴት እንዲህ ይቀየማል? ያውም ያላወቀችውን ነገር፣ ያውም ደግ የሠራችበትን? እኔ ግን ተቀየምኳት። ስትታመም አስታመምኳት፣ ስትሞት አልቅሼ ቀበርኳት፣ ተዝካሯንም አወጣሁ፤ ቂሜ ግን አብሯት አልተቀበረም። መቃብሯ ላይ ቆሜ ልቤ ድንጋይ የሚሆንብኝ ጊዜ አለ። ለማን ይነገራል ይህ? ለንስሐ አባቴም አፍሬ ሳልነግር ቀረሁ።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጁ ከጦርነት እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ልጅቷ ስትጠብቀው ነበር። ከበሮ ተመታ፣ ሰርግ ሆነ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ከኋላችን ያለች ሴት ከነልጇ ተነስታ እስክስታ ወረደች። ብርድ ልብሶቹ ከመስኮት ወረዱና ፀሐዩ ዓይናችን ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ወጥቶ እኛ ሁለታችን ለመነሳት ጉልበታችንን ስንለማመጥ፣ ሕይወት መጥታ እግራችን ሥር ቁጢጥ አለች። ፊቷ በደስታ ቀልቷል።

«እንዴት ነው አክስቴ? እውነት ያን ጊዜን መሰለ?»

«ሻዩ መስሏል» አልኳት። «ጥርሱ ግን በዝቷል።»

ሳቀች። ከዚያ እንደ ማፈር ብላ፣ «ልጅቷን ግን ከልቤ ነው የፈጠርኳት፤ ይቅር ይበሉኝ። ፍቅር ከሌለው ሰው አያይልኝም ብዬ ነው። እርስዎም ስለ ዋጋና ስለ ጫማ እንጂ ስለ ፍቅር ምንም አልነገሩኝም። እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም አይደል?» አለችኝ።

«አልነበረችም» አልኩ። «ማን ጊዜ ነበረው?»

መላኩ አገጩን ከከዘራው ላይ አነሳ።

«ነበረች» አለ።

ሕይወት አፏን ከፍታ አየችው። «አባዬ! ማን ናት? የት ደረሰች ታዲያ?»

እሱ ልጁን አላያትም፣ እኔንም አላየኝም። ልጆቹ አቡጀዲውን ከግድግዳው እየነቀሉ ሲያጥፉ ያያል። ዓይኖቹ ሞልተው ነበር።

«እናቴ ሳታውቅ ወሰደችብኝ» አለ። «እኔን ላትርፍ ብላ። ነፍሷን ይማር።»

ሕይወት ከእሱ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቴ ላይ ቀረች። እንድታይ ተውኳት። የመላኩን እጅ ከከዘራው ላይ አንስቼ ያዝኩና፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ፣ «አሜን፣ ይማራት» አልኩ።